እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ሞተር

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ፣ ጣዕሚያ የሚሉትን የሽምብራ ድቡልቡል ከምትጠብሰው ሴትዮ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ጄኔሬተር አስነሣ። የሰሊጥ ዘይትና የቤንዚን ጭስ አንድ ላይ ተደባልቆ አፍንጫዬ ገባ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ፤ እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሴትዮዋ በእሷ የሳቅሁ መስሏት ጣዕሚያዬን አሳንሳ ጠቀለለችልኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? የሳቅሁት በቄስ ነው ብላት ደግሞ ይብስ ነበር።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ነበርን፣ ዐሥር ዓመቴ ነበር፣ ረመዳንና ፍልሰታ አንድ ላይ የገጠሙበት ዓመት ነበር። የከተማው ሙስሊም እስከ መግሪብ ይጾማል፤ እኛ የሐበሻ ክርስቲያኖች ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ስለሚባል እናቴ እኔንም አልማረችኝም። ቀን ላይ በመንገድ ሲያኝክ የሚታይ ፍየል ብቻ ነበር።

የኔታ አዛናውን ሁሉም ሰው ቄስ አዛናው ይላቸዋል፤ እኔ ግን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለሆኑ የኔታ ነው የምላቸው። ቀን ዐረብኛ ትምህርት ቤት እውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁጭ አድርገው በስንጥር እያመለከቱ ያስነብቡኛል። ስሳሳት አይመቱኝም፤ «እንደ ገና» ይላሉ ብቻ፤ ያ «እንደ ገና» ከአለንጋ ይብሳል። አባቴ ሀዋታ በምትባል ሩቅ ከተማ በኩል ለእርሻ ሥራ ሄዶ የሚመጣው ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ስለ ነበር፣ በቤታችን የወንድ ድምፅ ማለት የእሳቸው ድምፅ ነበር።

እሑድ እሑድ ግን የኔታ የእኔ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሌሎች ቀሳውስት ስለ ነበሩት «እዚህ ያለ እኔም ይቀደሳል» ይሉና፣ ወደ ባሱንዳ በኩል ወዳለ አንድ የእርሻ ካምቦ ይሄዳሉ። ካምቦ ማለት የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት የሣር ጎጆ ሰፈር ነው። ከመተማና ከአርማጭሆ ለአረም የመጡ ጎረምሶች እዚያ ሞልተዋል። የኔታ ንስሐ ያስገቧቸዋል፣ ጠበል ይረጯቸዋል፣ ወባ የገደለው ካለ ፍትሐት ያደርሳሉ። መንገዱ ጠጠር የፈሰሰበት ቢሆንም ክረምት ላይ አውቶቡስ አይደፍረውም፤ በብስክሌት ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ብስክሌቱን የሚጠግኑላቸው ሐጂ ኑርሁሴን ናቸው። ሁለቱ የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው፤ ከጎንደር ቆላ አንድ መንደር ተወልደው፣ ተለያይተው ተሰደው፣ ገዳሪፍ ላይ ሱቅና ቤት ጎን ለጎን የተከራዩ። ሐጂ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ በረመዳን ማታ ማታ የኔታ ሱቃቸው ደጃፍ ሄደው፣ ሐጂ ሲያፈጥሩ አብረው ይቀመጣሉ። ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ። እኔ ጠላቶች ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ለሐጂ ሽሮ በሳህን አስይዛ ስትልከኝ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የኔታ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ ሐጂ ጎማ ይለጥፋሉ።

«ኑርሁሴን፣ ይሄ ጉልበት ከእንግዲህ ካምቦ አያደርሰኝም» አሉ የኔታ። «ልጆቼ ጋ ካልደረስሁ እዚህ አገር ምን እሠራለሁ? ፍልሰታ ሲፈታ ወደ አገሬ እሄዳለሁ። ገዳም እገባለሁ።»

ሐጂ ቀና እንኳ አላሉም። «ሂድ። ገዳም ግን ተራራ ላይ ነው።»

«በአህያ እወጣዋለሁ።»

«ካምቦውንስ በአህያ ብትሄደው? የእናንተ ጌታ ተቀምጦባት የለም እንዴ?»

«እሱ ትሑት ነው። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ» አሉ የኔታ።

ሽሮውን አስቀምጬ ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ድረስ አለቀስሁ። የኔታ ከሄዱ አማርኛዬ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ የኒሙ ዛፍ ሥር ባዶ ይሆናል፣ «እንደ ገና» የሚለኝ አይኖርም። ሐጂ ደግሞ «ሂድ» ማለታቸው በጣም አናደደኝ። ሽሮውን ይዤባቸው ብመለስ ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሐጂ ከጓዳቸው አንድ ካርቶን እየጎተቱ አወጡ። ውስጡ ትንሽ የብስክሌት ሞተር ነበር፤ ካቴናው፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ እንቁላል የምታክል የቤንዚን መያዣው፣ ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሏል። «ገዢ አጥቶ አቧራ ጠጣ» አሉ ለየኔታ። «ወስደህ ገላግለኝ።» እኔም አመንኋቸው። ሐጂ ቆሻሻቸውን በቄስ ላይ እያራገፉ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኋት። እንዲያም ሆኖ ሞተር ካለ ጉልበት አያስፈልግም፤ ጉልበት ካላስፈለገ ገዳም አይኬድም፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ ደጃፍ የሚያነሣኝ ጠፋ።

ሐጂ ብስክሌት ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ሞተር ገጥመው ግን አያውቁም። ከካርቶኑ የወጣውን ወረቀት ዘረጉና ወደ እኔ ገፉት።

«አንቺ ተማሪ አይደለሽ? አንብቢው።»

«ቻይንኛ ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ያስተምሯችኋል?»

በሥዕሉ እየተመሩ ጀመሩ። ሞተሩን ከብስክሌቱ ወገብ መሐል አስገብተው በብሎን አሰሩት። ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ ከጎማው ሽቦዎች ጋር ለማሰር ወፍራም ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ካርቶኑ ውስጥ ግን የለም። ሐጂ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ዐይናቸው እግሬ ላይ አረፈ። የቀኝ እግር ነጠላ ጫማዬ በቢላዋ ተቆርጦ ከብስክሌቱ ጋር ተሰፋ። የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ሁለት ጫማ ያደረገውንም ሰው ያስለቅሳል፤ እኔ የቀረውን ክረምት በአንድ ጫማ ረገጥሁት። እናቴ ስትቆጣ «ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት» አልኋት፤ እሷም ለቄስ ነው ስትባል ዝም አለች።

ሦስት ብሎን ተረፈ። የኔታ በመዳፋቸው ይዘው «እነዚህስ?» ሲሉ ሐጂ «ቻይና ቸር ነው፤ ትርፍ ይሰጣል» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ጭቅጭቁ የመጣው በዘይቱ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ትንሽ ዘይት መቀላቀል እንዳለበት ሥዕሉ ያሳያል። ሐጂ ከመደርደሪያቸው አንድ ቆርቆሮ አወረዱ። ቆርቆሮው ላይ ቀንዱን ያሾለ ቀይ በሬ ተስሏል። የኔታ ተቀብለው ከፊታቸው ራቅ አድርገው ያዙት።

«በሬው ምን ይሠራል?»

«ሥዕል ነው እንጂ ምን ይሠራል።»

«ትርንጎ፣ አንብቢ» አሉኝ። ይሄስ ዐረብኛ ስለ ነበር ኮራሁ። ጮክ ብዬ አነበብሁና «የበሬ ኃይል ይላል» አልሁ።

«አየህ?» አሉ የኔታ ወደ ሐጂ ዞረው። «የበሬ ኃይል ከየት ይወጣል? ከሞራው ነዋ። በፍልሰታ ሞራ አንድጄ፣ ጭሱን በቀሚሴ ተሸክሜ፣ በዚያው መስቀል ላሳልም?»

«ወላሂ ከመሬት የሚቀዳ ነው።»

«በሬ ከመሬት ሲቀዳ ዐይተህ ታውቃለህ?»

ሐጂ ቆርቆሮውን ወስደው ገልበጥ አድርገው አዩት። ሲሸጡት የኖሩት ዘይት ነው፤ በሬውን ግን ያን ቀን ነው ልብ ብለው ያዩት። «የተሠራው ቻይና ነው» አሉ በቀስታ።

«ታዲያ ማን ባረከው?»

በእኛ አገር ክርስቲያን የባረከውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን ያህል ዘመን ሲጎራበቱ ሽሮና ዓሣ ነው የሚገባበዙት፤ ሥጋ ላይ ሁሉም በየቤቱ ነው። ቻይና ያረደው በሬ ግን ለአንዱም አይሆንም። ሐጂ ጨርቅ አንሥተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመሩ።

«የሰሊጥ ዘይት» አሉ የኔታ በመጨረሻ። «የጾም ነው። የማንም ቢላዋ አላረፈበትም።»

ገዳሪፍ ውስጥ ከውሃ ይልቅ የሰሊጥ ዘይት ቶሎ ይገኛል። ሐጂ ትንሽ አሰቡና «ለሰው ከተስማማ ብረት ምን ይለዋል» አሉ። እኔ ጠርሙስ ይዤ ወደ መጭመቂያው ሮጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተሩ ዘይት አመላላሽ ሆንሁ።

ሙከራው የተደረገው በማግስቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ የእኛ ጾም ተፈትቶ የሙስሊሙ ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው። ሐጂ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ በደንብ አስረዱ። ፔዳሉን እየመቱ ትንሽ መሄድ፣ ከዚያ በግራ እጅ የተያዘውን፣ ሞተሩን ከጎማ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ በቀኝ ቤንዚን መስጠት። እንዴት እንደሚቆም ግን አላስረዱም፤ መነሣቱን ራሱ አልጠበቁትም። ፍሬን የሚባል ነገር ከዱሮውም አልነበረውም፤ የኔታ በጫማቸው ነበር የሚያቆሙት።

የኔታ ቀሚሳቸውን በገመድ አስረው ተቀመጡ። አራት ጊዜ መቱ፣ ለቀቁ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ። ጥምጣማቸው ወደ ኋላ ተንጋደደ። የገበያውን ዙሪያ ይዘው ተሰወሩ፤ በኋላቸው ነጭ ጭስ ቀረ። ያ ጭስ ጣዕሚያ ጣዕሚያ ይላል። ሌላ ምንም አይልም፤ ልክ ከምድጃ እንደ ወጣ፣ ትኩስ፣ ቡናማ ጣዕሚያ።

ዞረው በፊታችን ሲያልፉ «እንዴት ነው የሚቆመው?» ብለው ጮኹ። ሐጂ መልስ ከማግኘታቸው በፊት አለፉ። በሁለተኛው ዙር ሐጂ መንገዱ መሐል ወጥተው «ግራ እጅህን ጨብጥ» አሏቸው። በሦስተኛው ዙር የመጣው መልስ «ግራ እጄ መስቀል ይዟል» የሚል ነበር። እውነትም የኔታ መሳለም የሚፈልግ ሰው በመንገድ ቢያጋጥማቸው ብለው፣ ሞተሩ እንደ ተነሣ የእጅ መስቀላቸውን በግራ ይዘዋል። የሚገርመው ሁለት ሴቶች ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው ሲጠብቁ አለፏቸው።

በአራተኛው ዙር የኔታ ራሳቸው ፈረዱ። መንገዱን ትተው፣ ከብቶች ውሃ ወደሚጠጡበት ጥቁር ጭቃ ብስክሌቱን ነዱት። የገዳሪፍ ጭቃ የማያቆመው ነገር የለም። ደርሰን ስናነሣቸው እስከ ጉልበታቸው ገብተው መስቀሉን ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ጭቃ ባይኖር ሀዋታ ነበርሁ» አሉ።

ያን ቀን መግሪብ ሳይደርስ ሦስት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሐጂ ዘንድ መጡ። በጨዋ ደንብ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሐጂ፣ በረመዳን በጠራራ ፀሐይ ጣዕሚያ መጥበስ ከእርስዎ አይጠበቅም» አሉ። ሐጂ የሽማግሌውን እጅ ይዘው ብስክሌቱ ጋ ወሰዷቸውና አፍንጫቸውን ወደ ማርሚታው አስጠጉላቸው። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከጭሱ ይሁን ከረኃቡ አላውቅም። «በአላህ ይሁንባችሁ፣ ከመግሪብ በፊት ገበያ መሐል አታስነሡት» ብለው ሄዱ። ከእኛም ወገን ያኮረፈ አልጠፋም፤ አንዲት እናት ልጇ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ሳህን ይዞ እንደሚወጣ ለየኔታ ነግራቸዋለች።

ሞተሩ ሌላም ጠባይ አወጣ። ጠዋት ጠዋት አይነሣም። የኔታ ቢመቱት፣ ሐጂ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ነቅለው ቢያጸዱት፣ እምቢ ይላል። ፀሐዩ ከርሮ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ያለ ምንም ልመና ይነሣል። የኔታን ጠየቅሁ፤ «ሞተሩም ፍልሰታን ይጾማል?»

የኔታ ፊታቸው ላይ ሳቅ ሳይታይ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አሉኝ። ሐጂ በበኩላቸው «የክርስቲያን ሞተር ነው፤ የእኔ ቢሆን እስከ መግሪብ በቻለ ነበር» አሉ። እኔ እንደ ወንጌል ተቀበልሁት። ለዚህም ነው የፈጸምሁት ኃጢአት እንቅልፍ የነሣኝ። አንድ ረፋድ ላይ ዘይቱን ይዤ ስመለስ ከጠርሙሱ አፍ የወረደውን ጠብታ በጣቴ ጠርጌ ላስሁት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጠብታ እንዲወርድ ጠርሙሱን አዘነበልሁት። ሰዓቱ ገና አራት ነበር። በማግስቱ ሞተሩ ሳል ጀመረ። የሚጾመውን ሞተር በፈሰከ እጅ ያበላሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም።

በመጀመሪያው እሑድ፣ የኔታ ካምቦ ደርሰው ሳይመሽ ተመለሱ። ጉልበታቸውን ሳያሹ ነው የገቡት፤ ስለ ገዳምም አላነሡም። በሁለተኛው እሑድ ግን ሳሉ ብሶ ነበር። ጃንጥላና የዘይት ጠርሙስ የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋል ብዬ እናቴን ለመንኋት፤ እውነቱ ግን ሞተሩን ዐይን ዐይኑን ልይ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ከኋላቸው ተቀምጬ ወጣን። በግራና በቀኝ ሰሊጡ እስከ ወገብ ደርሶ ነጭ አበባ አብቧል። የኔታ ጸሎት ይደግማሉ፣ ሞተሩ ያስላል፣ እኔ እጸጸታለሁ።

ግማሽ መንገድ እንዳለፍን ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ጎማው ራሱ ተቆለፈ። የኔታ ማርሚታውን ከፍተው አዩት፤ ጥቁር ሙጫ ሞልቶበታል። ካቴናውን አውልቀው በእግራቸው ሊነዱ ሞከሩ፤ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ጉልበታቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ አብጦ የሌላ ሰው ጉልበት መስሏል። በዚህ ጉልበት ነው ለካ ስንት ክረምት የተመላለሱት።

መቋቋም አልቻልሁም። «የኔታ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የሞተሩን ዘይት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ልሻለሁ።»

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። «ልጄ፣ እኔ በጭሱ ሽታ ምራቄን ስውጥ ነው የሰነበትሁት። ሁለታችንም አብረን ንስሐ እንገባለን።» ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ወደቀ። «በቃ፣ ትርንጎ። እግዜርም እንድሄድ ፈቅዷል። ፍልሰታ ሲፈታ አገሬ እገባለሁ» አሉ። ጃንጥላውን ከራሳቸው በላይ ይዤ ቆምሁ።

ከሐፊሩ፣ ማለትም ከዝናብ ውሃው ኩሬ፣ ውሃ የሞላ ጋን የሚጎትት ትራክተር መጣ። ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠው ፈንታ ነበር፤ የካምቦው ሠራተኞች አለቃ። ዘሎ ወርዶ መስቀል ተሳለመና ነገሩን ጠየቀ። የኔታ ነገሩት፤ ሞተሩን፣ ጉልበታቸውን፣ ወደ አገራቸው ሊገቡ መሆኑን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ፈንታ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቆየ።

«አባታችን፣ ይህ ትራክተር ቅዳሜ ቅዳሜ ናፍጣ ሊሞላ ገዳሪፍ ይገባ የለም እንዴ? ለምን በእሱ አይመጡም?»

«ማን ነገረኝ?»

«ማን ጠየቀን? እኛማ ብስክሌት የሚወዱ መስሎን ነው። ‹ቄሳችን ትንሽ ዓለማዊ ነገር ወደዱ፤ እንዳላየ እንለፋቸው› ተባብለን እኮ ነው። ለፋሲካ የብስክሌት ደወል አዋጥተን የገዛንልዎትም ደስ እንዲልዎት ብለን ነው።»

«ጉልበቴን እያመመኝ?»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ አባታችን» አለ ፈንታ፣ ብስክሌቱን ትራክተሩ ላይ እየጫነ።

ካምቦው ውስጥ ደስታ ሆነ። ትራክተሩ ቅዳሜ ያመጣቸዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ እርሻ ላይ ስለሚውል ግን መመለሻቸው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። የኔታ «እሰየው፣ ከልጆቼ ጋር እሰነብታለሁ» አሉ። ጎረምሶቹ ወዲያው ጎጆ መረጡላቸው፣ አንዱ አልጋ ልሥራ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያኮረፍሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ጎንደር ካሉ ሩቅ ናቸው፤ ካምቦ ካሉም ለእኔ ያው ነው። ማታ፣ እናቴ እንዳትጨነቅ ብሎ ፈንታ «የእርሻው አለቃ ሙዲሩ ቢቆጣ እኔ መልስ እሰጠዋለሁ» አለና በትራክተሩ ከነብስክሌቱ ከተማ አደረሰን።

የኔታ ዜናውን ለሐጂ ሲነግሩ ሐጂ «ደግ» ብቻ አሉ። የሞተውን ሞተር ከብስክሌቱ ፈትተው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄድሁ። ሐጂ በቢላዋ ጫፍ ከማርሚታው ውስጥ ሙጫ ይፈቀፍቃሉ። «ሐጂ፣ ትራክተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?» አልኋቸው። የጠየቅሁት ለመነታረክ ያህል ነበር፤ አንድ ሰው ላይ መቆጣት ነበረብኝ።

ቢላዋው ቆመ። «ሹፌሩ መለዋወጫ የሚገዛው ከእኔ አይደል። እንዴት አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩአቸውም?»

«ትራክተር መውሰድ እንጂ መመለስ አያውቅም፣ ልጄ። በብስክሌት የሄደ ሰው ማታ ይመለሳል። ሞተሩን ከካርቱም አስመጥቼ ገዢ አጣ ያልሁት ለዚሁ ነው። አሁን ሲያዝን ሲስቅ የማየው ሰው ማን ነው? ማን ጋ ተቀምጬ ነው የማፈጥረው?»

የረሱትን ጃንጥላ ሊወስዱ የመጡት የኔታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆሙ አላውቅም፤ ሐጂም አላዩአቸውም ነበር። የኔታ ገብተው ባዶው ሣጥን ላይ ተቀመጡ።

«ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ትስቅብኝ ነበር።»

«እስቅ ነበር» አሉ የኔታ። አልሳቁም ግን። ጉልበታቸውን እያሹ ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። ሁለቱ ጠላቶች ይመስሉኝ እንደ ነበር አስታውሼ አፈርሁ። ከዚያ የኔታ «ቅዳሜ በትራክተሩ እሄዳለሁ» አሉ። «እሑድ ማታ አንተ መጥተህ ብትወስደኝስ?»

«እኔ? ብስክሌት ላይ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ።»

«ዕድሜ ልክህን ስትጠግን ኖረህ አንድ ቀን እንኳ አትነዳም?»

ሐጂ ሞተሩን ሁለት ቀን አጠቡት። በዚህኛው ጊዜ ምን ዘይት እንደ ጨመሩበት አልተናገሩም፤ ፍልሰታ ስለ ተፈታ የኔታም አልጠየቁም። ሐጂ ደግሞ ለራሳቸው ምን ብለው እንዳስረዱ እሳቸው ያውቃሉ።

የሚቀጥለው እሑድ የረመዳን የመጨረሻ ሰሞን ነበር። ሐጂ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው ወጡ። ሲመሽ እኔና እናቴ መንገዱ ዳር ቆመን ጠበቅን። ፀሐይ ልትገባ ስትል ድምፁ ተሰማ። ፊት ሐጂ ናቸው፤ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ተጣብቆ፣ አንገታቸው ደርቆ፣ ጢማቸውን ነፋስ ወደ ጎን ወስዶታል። ከኋላ የኔታ በአንድ ጎን ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው የሐጂን ትከሻ፣ በሌላው የታሰረ መሐረብ ይዘዋል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሐጂና ቄስ በአንድ ብስክሌት ያየ ሰው አልነበረማ።

ልክ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፉ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሐጂ ማቆም አልቻሉም፤ አንድ ጊዜ ካቆሙት እንደ ገና አይነሣም፤ እጃቸውን ከመሪው ቢያነሡ ደግሞ ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ናቸው። የኔታ መሐረቡን በጥርሳቸው ፈቱና አንድ ተምር አወጡ። ከኋላ እጃቸውን በሐጂ ጉንጭ በኩል አዙረው፣ አፋቸውን እየፈለጉ፣ መጀመሪያ ጢማቸው ላይ፣ ከዚያ አፍንጫቸው ላይ፣ በመጨረሻ አፋቸው ውስጥ አኖሩላቸው። ሐጂ ቢስሚላህ ያሉት በሞላ አፍ ነው። እናቴ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም አለቀስሁ፤ ሳቅም ነበረበት።

ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ሞተሩ በራሱ ጠፋ። ሐጂ ወርደው ፍሬውን ተፉና ወደ የኔታ ዞሩ።

«የማፍጠሪያው ሱና ሦስት ተምር ነው። አንድ ብቻ ነው የያዝህልኝ?»

«ሦስት ነበር» አሉ የኔታ መሐረባቸውን እያጠፉ። «መንገዱ ረዥም ነው፤ ሁለቱን እኔ በላኋቸው።»